ትኩሳት የለም፤ ሳል የለም

መስከረም 14 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም።

ይህን ደብተር የጀመርሁት ወድጄ አይደለም። የሐጅ ቡድናችን መሪ ዑስታዝ አኒስ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ አሥራ አንዳችንን ሰብስበው «የአሳማ ጉንፋን የሚሉት በሽታ ዓለምን እያዳረሰ ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው አውሮፕላን አይወጣም። ጥቅምት 28 ሐኪሞች ያዩናል። እስከዚያ እያንዳንዳችሁ በየቀኑ ጤናችሁን በደብተር መዝግቡ» አሉን። እኔ ዐብደላ፣ ጎንደር አራዳ ላይ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጨርቅ ስለካ የኖርሁ ሰው፣ በስተርጅና ተማሪ ሆኜ ደብተር ገዛሁ።

ሚስቴ ራቢዓ ግን እምቢ አለች። «ጤነኛ ለመሆን ደብተር አያስፈልገኝም» አለችኝ። መሠረተ ትምህርት ሲዘመት ከቀበሌው አንደኛ ወጥታ የተሸለመች ሴት ናት፤ የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ሺህ ጊዜ ይበልጣል። ለእኔ ብላ ግን አንድ መስመር አትጽፍም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሐጅ ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው። እናቷ መካን እንደናፈቀች ሞተች። እኛም አራት ጊዜ ልንሄድ ተነሥተን አራት ጊዜ ቀርተናል። አንዴ የሱቁ ጣራ አፈሰሰ። አንዴ ጥርሴን አመመኝ። በሦስተኛው ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ ራቢዓ አልረሳችም። አራተኛውን አላነሣውም። ዘንድሮ የሚያስቀረን ነገር ቢኖር ሳል ብቻ ነው። ሰፈሩ ደግሞ ከአሁኑ «ሐጂ» እያለ መጥራት ጀምሯል። ከቀረሁ በምን ዐይኔ አራዳን አቋርጣለሁ?

ደብተሩን ማንም እንዳያገኘው ጓዳ ከበርበሬው ማድጋ ሥር ደብቄዋለሁ።

መስከረም 15፣ ዓርብ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም። ከጁምዓ በኋላ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ጫማዬን ሳላጠልቅ ወጣሁ።

መስከረም 18፣ ሰኞ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም።

ትናንት መስቀል ነበር። ወልደኢየሱስ እንደ ወጉ ጠዋት ዶሮ በነፍሷ ላከልን። ወልደኢየሱስ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው እኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ሠላሳ ዓመት ስንጎራበት እሱ እኔ ያረድሁትን አይበላም፣ እኔም እሱ ያረደውን አልበላም። ስለዚህ በመስቀል እሱ ዶሮ በነፍሷ ይልካል፣ እኔ አርጄ እበላለሁ፤ በአረፋ እኔ በግ በነፍሱ እልካለሁ፣ እሱ አርዶ ይበላል። ሸጋ ጉርብትና ነው። ዶሮዋ ግን ዘንድሮ ትንሽ ቀጥናለች።

ዛሬ ቀበሌው ሰበሰበን። ከጤና ጣቢያ ሲስተር ሸዋረጋ የምትባል ልጅ መጥታ «እጅ አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ፣ ስታስሉ አፋችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ» አለች። ሕዝቡ ሳቀ። ወልደኢየሱስ እጁን አወጣና «እኅቴ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ግማሹ ክርስቲያን። የሁለታችንም አፍ አሳማ አያውቅም። ታዲያ ይህ ጉንፋን በየት በኩል ያገኘናል?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብሁ። ልጅቱ «በመብላት አይደለም የሚይዘው፣ በትንፋሽ ነው» ብትል ማን ይስማት። ስንወጣ ሁሉም ተጨባብጦ፣ ተሳስሞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭቶ ተለያየ።

መስከረም 27፣ ረቡዕ

ትኩሳት፦ እንጃ። ሳል፦ ገና።

ያ አላህ! ምን ነካኝ?

ለሐጁ ወረቀት አዲስ አበባ ሄጄ ትናንት ገባሁ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሰሜን ተራራን ልታይ የምትሄድ ፈረንጅ ነበረች። የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ ብስኩት ዘረጋችልኝ። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና በላሁ። አንድ ብስኩት ናት። ደጀን ላይ አስነጠሳት። እሱንስ ቻልሁት። እንፍራንዝ ስንደርስ ግን ባነንሁ፦ ያ ብስኩት በምን ስብ ነው የተጋገረው?

ማሸጊያውን ስጪኝ ብዬ በእጄ ባሳያት የራበኝ መስሏት ሌላ ሰጠችኝ። እሱንም እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።

በመጨረሻ ማሸጊያውን አገኘሁት። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በአራት ቋንቋ ተጽፎበታል፤ አራቱንም አላውቃቸውም።

መስከረም 28፣ ሐሙስ

ጉሮሮዬን በላኝ። ወይስ አልበላኝም? ለማንኛውም ፌጦ በሎሚ በጥብጬ ጠጣሁ። አሁን በእርግጥ ይበላኛል።

መስከረም 30፣ ቅዳሜ

ትኩሳት፦ ያለ ይመስለኛል። ራቢዓ ግንባሬን ዳሰሰችና «ያለብህ ሥራ መፍታት ነው» አለች።

ጠዋት ባሕር ዛፍ ቀቅዬ በብርድ ልብስ ተሸፍኜ ታጠንሁ። ነጭ ሽንኩርት ሦስት ራስ። ጤና አዳም። ሱቅ ስገባ ደንበኞች ከበር ተመለሱ።

የኮሶዬው አያ ምንይችል፣ ሃያ ዓመት አቡጀዲ ከእኔ ሲገዙ የኖሩ ገበሬ፣ እጃቸውን ዘርግተው ገቡ። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። «ምነው ዐብደላ፣ ምን በደልሁህ?» አሉ። ስለ አሳማው ጉንፋን አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ከርከሮ ማለትህ ነው? እሱማ የእኛን ድንች ጨርሶታል። ስናባርረው ነው የምንከርመው፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰው አላስነጠሰ» አሉ። ትከሻዬን ሊስሙ ሲመጡ ወደ መደርደሪያው ሸሸሁ፤ ሁለት ጣቃ ራሴ ላይ ወደቀ። አያ ምንይችል አቡጀዲውን ሳይገዙ ወጡ። ጥሩ አላደረግሁም።

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም።

ወልደኢየሱስ ከቁራጭ ነጭ ጨርቅ የአፍ መሸፈኛ ሰፋልኝ። አንዱ አይበቃም ብዬ ሁለት ደርቤ አጠለቅሁ። አራዳን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድ ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። የአክብሮት መሰለኝ።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ

የአክብሮት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አፌን የሸፈንሁት በሽታው ስለያዘኝ ነው አለ። አሳማ የማይበላን ደግሞ አይዘውም ብሎ ቀበሌው አጨብጭቦ ወስኗል። እንግዲህ ሒሳቡን ጨርሱት። እኔም ሞኙ፣ ነገሩን ላብርድ ብዬ ስለ ብስኩቱ ለወልደኢየሱስ «ለማንም እንዳትናገር» ብዬ ነገርሁት። ከዙሁር በፊት ብስኩት የነበረው ከዐስር በኋላ ጥብስ ሆኖ ጠበቀኝ።

ወልደኢየሱስ ራሱ መጥቶ ሱቁ መካከል ቆመ። እየቀለደ መሰለኝ፤ ሜትሩን ግን ከአንገቱ አውልቆ ባንኮኒው ላይ ወረወረ።

«ዐብደላ፣ ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት በጌን እምቢ ስትለኝ ኖርህ! ልጄን ስድር ሙክት ጥዬ አልቀመስህልኝም። ክርስትና ሳነሣ ወጡን አሸተትህና ሽሮ አስመጣህ። እሺ አልሁ፣ ሃይማኖቱ ነው አልሁ። የእኔን በግ እምቢ ብለህ ስታበቃ አሳማ?»

«ብስኩት ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«በምን የተጋገረ?» አለኝ።

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም። ንዴት፦ አለ።

ወልደኢየሱስ ሊታረቀኝ ፈልጎ አዲስ ጥፋት አጠፋ። ሐጅ ላይ ወንድ የሚለብሰው ኢሕራም ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ስፌት ጨርሶ አይነካውም። እኔ ቆርጬ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ሰውዬው ጠርዙ ተተልትሎ ቢያይ «ጎረቤቴ በሰው አገር በእንዲህ ያለ ጨርቅ አይዋረድም» ብሎ ዙሪያውን ቀምቅሞታል። ጥለት አውጥቶለታል፤ አረንጓዴ። በጥጉ ላይ ደግሞ «ሐጂ ዐብደላ» ብሎ ጠልፎበታል።

ስፌት እንደማይፈቀድ ስነግረው «ሳይሰፋ የሚለበስ ልብስ? ታዲያ እኛ ሰፊዎች በምን ልንጸድቅ ነው?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው።

ቀኑን ሙሉ በምላጭ ስፌት ስፈታ ዋልሁ። ጥለቱ ቶሎ ወጣ። ስሜም ወጣ። «ሐጂ» የሚለውን ስፈታ ግን ቅር አለኝ፤ ለነገ አሳደርሁት።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ

አልሐምዱሊላህ!

ማሸጊያውን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተር ሸዋረጋ ገልብጣ ገልብጣ አነበበችውና «አባባ፣ የአትክልት ዘይት ነው። አሳማ የለበትም» አለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ትንሽ ቀረኝ፤ እጅ መጨባበጥ ስለማልፈልግ ከሩቅ መረቅኋት።

ከዚያ አሳማ አለመብላቴን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። እምቢ አለች። «እንዲህ ያለ ቅጽ የለንም» አለችኝ። አገሩ ለማይረባው ነገር ሁሉ ቅጽ አለው፤ ለሰው ክብር ሲሆን ቅጽ የለም!

ለወልደኢየሱስ ነገርሁት። «እኔ ድሮም አላመንሁም» አለ። አላመንሁም አለ!

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም።

እንኳየሁ ታመመች። የወልደኢየሱስ ሚስት ናት። ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁርጥማት፤ ሐኪሙ ያው የዘመኑ ጉንፋን ነው ብሏታል። እንኳየሁ ደግሞ ብስኩት እንኳ አትወድም።

ራቢዓ ወዲያው ነጠላዋን አነሣች። በር ላይ ቆሜ ከለከልኋት። ሁለት ሳምንት ነው የቀረን፤ ስንት ዓመት የጠበቅሽው ነገር ነው፤ እንኳየሁ ብትሰማ ራሷ አትምጪ ትላለች አልኋት። «ዐሚናን ስወልድ ሦስት ቀን አጠገቤ የተቀመጠችው ማን ናት?» አለችኝ። «እንኳየሁ» አልሁ። «እንግዲያስ ከበሩ ዘወር በል» አለች። ዘወር አልሁ።

እኔም ጎረቤት ነኝና መጠየቅ አለብኝ። አጥሩ ጋ በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ መሸፈኛዬን አጥልቄ «እንኳየሁ! አላህ ይማርሽ!» ብዬ ጮኽሁ። ውሻቸው ጮኸብኝ።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም።

ራቢዓ ምን እንደነካት እንጃ። ትናንት ፍራሿን ወደ ጓዳ አዞረች። «ሽንኩርትህ አላስተኛ አለኝ» አለች። ማዕድም አብራኝ አትቀርብም፤ የእኔን አቅርባ እሷ ጓዳ ትቀራለች። ስታናግረኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ነው። ስለ እንኳየሁ በር ላይ የቆምሁባትን ይዛብኛለች። የሴት ቂም ከባድ ነው።

ጥቅምት 22፣ እሑድ

ራቢዓ አሁንም አኩርፋኛለች። ዛሬ ከሰዓት ጨርሶ አልተነሣችም። ፌጦ ላቀምስሽ ብላት ጣሳውን በእጇ ገፋችው። እጇ ይፋጃል። እሳት ዳር ስለዋለች ይሆናል።

እሳት ግን ዛሬ አልነደደም፤ ትናንት የተረፈውን ነው የበላነው።

ጥቅምት 25፣ ረቡዕ

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም።

ወልደኢየሱስ አምስት ቀን በረንዳው ላይ ሳይሰፋ ቀረ። ዛሬ መጣ፤ እንኳየሁ ተሽሏታል። ማለፊያ አልሁት። መኪናውን ዘይት እየቀባ ቀና ሳይል «ራቢዓ በየቀኑ መጥታለች። ገላዋን አጥባታለች፣ አጥሚት አጠጥታታለች። አንተ ግን ከበርጩማ ላይ ጮኽህ» አለኝ።

«ሐጁ ነው እኮ...» አልሁ።

«አውቃለሁ» አለ። ምንም አልቀለደም። ወልደኢየሱስ ሳይቀልድ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እኔ ቤት ሰው ታሞ እሱ ከአጥር ማዶ ሆኖ አልጠየቀም። አፍሬያለሁ። እዚህ ስለሆነ ነው የምጽፈው፤ ለእሱ አልነገርሁትም።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ

ለሱብሒ ስነሣ ሳል ሰማሁ። ደረቅ ነው፣ በትራስ የታፈነ። ጎረቤት ነው ብዬ ሰገድሁ።

በጓዳው በኩል ጎረቤት የለንም።

ነገ ምርመራ ነው። የራቢዓ ሻንጣ ከታሰረ አሥር ቀኑ። የእናቷን መቁጠሪያ ከላይ አድርጋዋለች።

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

ትኩሳት፦ ሠላሳ ስድስት ከስድስት። ይህን እኔ አልለካሁም፤ ሐኪሙ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የወንድ ሰልፍ በግራ፣ የሴት በቀኝ ነበር። ራቢዓ ሦስት ነጠላ ደርባ፣ ቀጥ ብላ እየተራመደች ገባች። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። መለኪያውን ከብብቴ አውጥቶ አየና «ሐጂ፣ ከእኔ ይሻላሉ» አለኝ። የበላሁት ፌጦና ሽንኩርት ሁሉ በዐይኔ ላይ ዞረ። አልሐምዱሊላህ አልሁ። ማኅተሙን አንሥቶ ቀለም አስነካ።

በዚህ መካከል ከቀኝ በኩል ሲስተር ሸዋረጋ «እናቴ፣ ሠላሳ ስምንት ከሰባት ነው» ስትል ሰማሁ። ራቢዓ «የነጠላው ሙቀት ነው፤ እንደገና ለኪኝ» አለች። እንደገና ለካቻት። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ራቢዓ ነጠላዋን ሰበሰበች። ሳትሟገት የቀረችበትን ጊዜ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ አለችና በሰዉ መካከል በዐይኗ ፈልጋ አገኘችኝ።

«አንተ ሂድ» አለችኝ። «እዚያ ስትደርስ ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ። ለእማዬም።»

«እሺ» አልኋት።

ከዚያ ትን አለኝ።

እዚህ ላይ በትክክል መጻፍ አለብኝ። አዳራሹ ውስጥ አቧራ ነበር። ብዙ አቧራ። ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና አሳለኝ። ሐኪሙ ውሃ ሰጠኝ። ጠጣሁ፤ ውሃውም ትን አለኝ። «ትኩሳት የለዎትም፣ ይህ ምንም አይደለም» ብሎ ማኅተሙን ወደ ወረቀቴ ሲያወርድ ወረቀቱ ላይ አሳልሁበት። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ያን ጊዜ እውነቱን መመስከር ግዴታዬ መሰለኝ፤ የምታስነጥስ ፈረንጅ አጠገብ ተቀምጬ ከዓባይ እስከ ጎንደር መምጣቴን፣ ሦስት ብስኩት መብላቴን ተናገርሁ። «መቼ?» አለኝ። «መስከረም» አልሁት። «ይህማ ድሮ አልፏል» አለ። እንዳላለፈ እንዲያውቅ ሁለት ጊዜ አሳልሁ። በሦስተኛው ወገቤን ያዘኝ።

ዑስታዝ አኒስ አጠገቤ ቆመው ነበር። ራቢዓን አዩ፣ እኔን አዩ። እኚህ ሰው ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «ዶክተር፣ የዚህን ሰው ሳል እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ዐይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። አቧራ ነበር የምለው ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ አስገባው።

ራቢዓን ደግፌ ባጃጅ ላይ አሳፈርኋት። ቤት ስንደርስ «አምስተኛ» አለች።

ኅዳር 1፣ ማክሰኞ

ትኩሳት፦ የእሷ ሠላሳ ስምንት ከሁለት። ሳል፦ የእሷ፣ ቀንም ሌትም። የእኔን አልለካሁም።

መሸፈኛውን ጣልሁት፤ ውሃ ሳጠጣት ፊቴን ካላየች አልጠጣም ትላለች። እንኳየሁ ገና በእግሯ ሳትጠና አጥሚት ይዛ መጣች። ወልደኢየሱስም ተከትሏት ገባ። በበሩ ነው የገባው።

ኅዳር 3፣ ሐሙስ

ዘጠኙ ዛሬ ሄዱ። ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኝ ወጣ። እኔም ሄጄ ሁሉንም ጨብጬ፣ ሁሉንም ስሜ ሸኘሁ። ዑስታዝ አኒስ የራቢዓን እናት ስም በወረቀት ጽፌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው።

ስመለስ ወልደኢየሱስ «ሐጂ ቀሪ!» ብሎ ተጣራ። አራዳ ሁሉ ሳቀ። ስሙ የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። በአያቶቻችን ዘመን ሰዉን የፈጀው የኅዳር በሽታ ጉንፋን ነበር ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ በዓመቱ ኅዳር 12 ሰው ሁሉ የቤቱን ጉድፍ ደጁ ላይ ያቃጥላል። ከተማው በጢስ ታፈነ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየደጁ ቆሞ ያስላል።

ራቢዓ ከተነሣች አምስት ቀኗ ነው። በርጩማው ላይ፣ ያ የጮኽሁበት በርጩማ ላይ፣ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ እሳቱን ታያለች። ወልደኢየሱስ በጢሱ መካከል እያሳለ መጥቶ «ዛሬ አራዳ በሙሉ አሳማ በልቷል!» አለ። ራቢዓ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አያ ምንይችልም ለገበያ ወርደው ነበር፤ እጄን ሁለት ጊዜ ጨበጥሁላቸው፣ አቡጀዲያቸውን ወሰዱ።

ሁለቱን መሸፈኛዎች እሳቱ ውስጥ ጣልሁ። የብስኩቱን ማሸጊያም ጣልሁ።

«እንኳየሁን ከአጥር ማዶ የጠየቅሁት ጥሩ አልነበረም» አልሁት ወልደኢየሱስን።

«ውሻው እስካሁን ይስቅብሃል» አለኝ። በዚሁ ቀረ።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

የዐረፋ ቀን ነው። ሰዎቻችን ዛሬ ዐረፋት ላይ ቆመዋል። እኔና ራቢዓ እዚህ ጾመናል። ጠዋት ሻንጣዋን ፈታች። ነጩን ቀሚሷን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ስታስገባ የእኔንም ሁለት ጨርቅ አብራ አስገባች። ጥጉ ላይ ያልፈታሁትን «ሐጂ» የሚል ጥልፍ አይታ በጣቷ ዳሰሰችው። ልፍታው ብላት «ተወው፣ ለከርሞ ይፈታል» አለች።

ለወልደኢየሱስ የአረፋውን በግ ዛሬ በነፍሱ ላክሁለት። እነሱ ጾማቸው ገብቷል፤ «እስከ ገና አብልቼ አሰባዋለሁ፤ የአንተ በግ ድሮም ከሲታ ነው» ብሎ ላከብኝ። ስለ ዶሮዋ አፌ ድረስ መጥቶ ተውሁት።

ለማፍጠር ስንጠብቅ ራቢዓ «ያን ቀን ያሳለህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አቧራ» አልኋት።

ብዙ አየችኝ። ቴምሩን ሰጠችኝ። አቧራ ከሆነ አቧራ ነው።

ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም። አቧራ፦ ነበረ።

ኅዳር 18

አቧራ አልነበረም። ያን ጠዋት አዳራሹን ውሃ አርከፍክፈው ሲጠርጉት በዐይኔ አይቻለሁ። ብስኩቱም ሦስት አይደለም፤ ማሸጊያው የአምስት ነበር። ደብተርህን ከበርበሬ ማድጋ ሥር የምትደብቀው በርበሬ የሚያወጣው ማን መስሎህ ነው? እኔም ትኩሳት የለኝም፣ ሳልም የለኝም። ለከርሞ ኢንሻአላህ አብረን።

ራቢዓ